ምርመራው ሲያልቅ የሚቀረው ሰው፦ ኦቲስቲክ መርማሪዎች በሦስት የወንጀል ድራማዎች

በቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ውስጥ ኦቲስቲክ፣ ማለትም ኦቲዝም ያለበት፣ ገጸ ባሕርይ ብቅ ሲል የሚሰጠው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን ማየት። በአንድ መዝገብና በሌላው መካከል የሚደጋገመውን ስም ያገኛል፣ ከቦታው የተነቃነቀውን ዕቃ ያስተውላል፣ ባልደረቦቹ በመገረም ያዩታል፣ ወንጀለኛው ይያዛል፣ የዕለቱ ክፍል ያበቃል። ይህ አቀራረብ አክብሮት ይመስላል፤ ብዙ ተመልካችም እንደ አክብሮት ተቀብሎታል። እኔ ግን እነዚህን ድራማዎች በሌላ ሚዛን መመዘን እመርጣለሁ። ገጸ ባሕርይዋ የምትፈታው ጉዳይ በሌለበት ሰዓት፣ ማለትም ቤቷ ስትገባ፣ ስትደክም፣ ስትወድ፣ የለመደችው አለቃ ሲቀየርባት፣ ደራሲው ስለ እሷ የሚያውቀው ነገር አለው ወይ? ከእሷ ጋር የሚሠሩት ሰዎችስ ለእሷ ሲሉ የሚለውጡት ነገር አለ ወይስ የመለወጥ ግዴታው የእሷ ብቻ ነው?

በዚህ ሚዛን ላይ ያስቀመጥኳቸው ተከታታይ ድራማዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው በብዙ አገር «ዘ ብሪጅ» በሚል ስም የሚታወቀው የዴንማርክና የስዊድን የጋራ ሥራ «ብሮን»፣ ሁለተኛው የፈረንሳዩ «አስትሪድ እና ራፋኤል»፣ ሦስተኛው ከእርሱ ተቀድቶ በእንግሊዝ የተሠራው «ፔሸንስ» ነው። «ብሮን»ን ያላየ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ጭምር ስለምጽፍ የታሪኩን ፍጻሜ እዚሁ ያገኘዋል።

አስቀድሞ ስለ ስያሜ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እነዚህ ድራማዎች ገጸ ባሕርያቸውን የሚጠሩበት ወይም ከመጥራት የሚሸሹበት መንገድ ከሕክምናው ታሪክ ጋር አብሮ የተጓዘ ነው። ሊዮ ካነር ስለ ኦቲዝም የጻፈው የታወቀ ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሃንስ አስፐርገር በቪየና ስላያቸው ልጆች ጻፈ። በ1981 እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ «አስፐርገር ሲንድረም» የሚለውን መጠሪያ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀች፤ በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን አምስተኛ ዕትም ሲያወጣ እነዚህን መጠሪያዎች በአንድ የኦቲዝም ስፔክትረም ሥር ጠቀለላቸው። በዚህ ሽግግር ዘመን የተሠሩት ድራማዎች አንድ ዓይነት ሽሽት ይታይባቸዋል። ከ2005 እስከ 2017 የተላለፈው «ቦንስ» ፈጣሪ ሃርት ሃንሰን የአጥንት ተመራማሪዋን ቴምፐራንስ ብሬናንን የቀረጻት አስፐርገር ያለበትን ወዳጁን እያሰበ እንደሆነ ተናግሯል፤ በድራማው ውስጥ ግን ስለ እሷ እንዲህ ናት ተብሎ በግልጽ አልተነገረም። በቢቢሲው «ሼርሎክ» ደግሞ በ2012 በተላለፈ አንድ ክፍል ዋትሰን ስለ ጓደኛው «አስፐርገር» የሚለውን ቃል እንደ ቀልድ ወርውሮት ያልፋል። ስም ሳይሰጡ ጠባዩን ብቻ መውሰድ ለአዘጋጆች ትርፍ ያለበት ንግድ ነው፤ ገጸ ባሕርይው ሰውን ሲያስቀይም «ሊቅ ስለሆነ ነው» ይባላል፣ ሥዕሉ ስሕተት ነው የሚል ኦቲስቲክ ተመልካች ሲመጣ ደግሞ «እኛ መቼ ኦቲስቲክ ነው አልን?» ይባላል።

«ብሮን»ም ስያሜውን ከማይጠሩት አንዱ ነው። ሆኖም ዝምታው የሽሽት ዝምታ አይመስለኝም፤ ለምን እንደሆነ ላብራራ።

ድራማው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር ማልሞንና ኮፐንሃገንን በሚያገናኘው የኤሬሱንድ ድልድይ ላይ፣ ልክ በሁለቱ አገሮች ወሰን መስመር ላይ የአንዲት ሴት አስከሬን ተጋድሞ ይገኛል። አስከሬኑ ሊነሳ ሲል የሁለት ሴቶች ሆኖ ይገኛል፤ ከወገብ በላይ የአንዷ፣ ከወገብ በታች የሌላዋ ነው። ከስዊድን በኩል የምትመጣው መርማሪ ሳጋ ኖሬን ናት፤ ሶፊያ ሄሊን ትጫወታታለች። ከዴንማርክ በኩል የሚመጣው ኪም ቦድኒያ የሚጫወተው ማርቲን ሮዴ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ አምቡላንስ የልብ ሕመምተኛ ይዞ ይደርስና በተዘጋው ድልድይ ለማለፍ ይለምናል። ሳጋ የወንጀሉ ቦታ እንዳይበላሽ ትከለክላለች፤ ማርቲን ደግሞ ያሳልፈዋል። ሳጋም ስለዚህ ሪፖርት እንደምታደርግበት በዚያው ትነግረዋለች፤ ታደርግበታለችም። ማርቲን አልተቆጣም፤ ይልቁንም በመገረም ያያታል። ተራ ደራሲ ቢሆን ይህን ትዕይንት ሳጋ ሰብዓዊነት የጎደላት መሆኗን ለማሳየት ይጠቀምበት ነበር። የሃንስ ሮዘንፌልት ድርሰት ግን ያንኑ ሪፖርት አድራጊነት ለሁለት ምዕራፎች ያህል ተሸክሞት ይሄድና በሁለተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ አስፈሪ ክብደት ይሰጠዋል። ማርቲን በልጁ ገዳይ ላይ የወሰደውን በቀል የምትደርስበት ሳጋ ናት፤ ብቸኛ ጓደኛዋን አሳልፋ የምትሰጠውም እሷው ናት። ይህን የምታደርገው ስሜት ስለሌላት አይደለም። እየጎዳት ታደርገዋለች፤ ድራማውም ትክክል ነች ወይም ተሳስታለች ብሎ አይፈርድላትም። በአንድ ሰው ቀጥተኛነት ላይ ቀልድ መሥራት ቀላል ነው፤ ቀጥተኛነቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ እስከ መጨረሻው መከተል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

በቅርብ መታየት ያለበት ሌላ ትዕይንት ደግሞ የሸሚዙ ነው። ሳጋ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ በቢሮዋ መካከል ብብቷን ታሸትታለች፣ መሳቢያዋን ትከፍታለች፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሸሚዟን አውልቃ ንጹሑን ትለብሳለች። የሚደነግጠው አዲሱ ማርቲን ነው። ካሜራው ገላዋን ለማየት አይጠጋም፣ ለሣቅ የሚጋብዝ ሙዚቃም የለም፤ ሸሚዝ ቆሽሿል፣ ንጹሕ ሸሚዝ አለ፣ ይቀየራል። ትዕይንቱን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሚገርመኝ ሄሊን ፊቷ ላይ ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ አለማሳየቷ ነው። ሌሎች ተዋንያን እንዲህ ባለ ቦታ «እነሆ ልዩ ነኝ» የሚል ምልክት ለተመልካቹ ሹክ ማለት ይወዳሉ፤ እሷ ግን ሥራዋ ላይ ናት።

ማርቲንን በተመለከተ ድራማው የሠራው ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ከብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዝግጅት ይበልጣል። ማርቲን ተወዳጅ ነው፤ ከሰው ጋር ተግባቢ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ነገር ያለዝባል፤ በትዳሩ ላይ የሚወሰልተውና የሚዋሸው ግን እርሱ ነው። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 በጻፈው ጽሑፍ በኦቲስቲክና ኦቲስቲክ ባልሆኑ ሰዎች መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን መሆኑን፣ አንዱ ሌላውን መረዳት እንደሚያቅተው ሁሉ ሌላውም እንደዚያው እንደሚያቅተው ተከራክሯል። «ብሮን» ይህን ክርክር በቃል ሳያነሳ በታሪክ ያሳየዋል። ማርቲን ሳጋን ሰው ሳያስቀይሙ መናገርን ሊያስተምራት ይሞክራል፤ እሷም ትሞክራለች፣ አንዳንዴም ይሳካላታል። ነገር ግን እሷ ከእርሱ የምትማረው ለስላሳ ውሸት ቤቱን ሲያፈርስበት እናያለን። በሁለተኛው ምዕራፍ ከፍቅረኛዋ ከያዕቆብ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ለመኖር ስትጥርም እንደዚሁ ነው፤ አብሮ መኖርን ከመጽሐፍ ታጠናለች፣ ጥረቷም እውነተኛ ነው፣ ግን ቤቷ የእሷ መሆኑ ይቀርና ማረፊያ ያጣች ሰው ትሆናለች። ጥፋተኛ የለም። ድራማውም ያለ ጥፋተኛ እንዲቀር ይፈቅዳል፤ በወንጀል ድራማ ይህ ብርቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ድራማ ከሌሎቹ የሚለየው አለቃዋ ሃንስ ነው። ሃንስ ስለ ሳጋ ምንም ዓይነት ንግግር አያደርግም። የሚያደርገው ሥራዋን ማደራጀት ነው፤ ያልገባትን ትጠይቀዋለች፣ እርሱም ሳይሰለች ያብራራላታል፤ ሌሎች ሲያማርሩባት ይሰማቸዋል፣ ሥራዋን ግን አይነካባትም። በ2015 በወጣው ሦስተኛ ምዕራፍ ሃንስ ሲጠለፍና ቦታውን ሊን የተባለች አዲስ አለቃ ስትይዝ ሳጋ ያልተለወጠች፣ በዙሪያዋ ያለው ነገር ግን በሙሉ የተለወጠባት ሰው ትሆናለች። ሊን ክፉ አይደለችም፤ የማታውቃት ብቻ ናት። ከዚያ እናቷ ትመጣለች፣ ስለ ሟች እህቷ ስለ ጄኒፈር ያለው ቁስል ይከፈታል፣ ሳጋ ከሥራ ትታገዳለች፣ በመጨረሻም በባቡር ሐዲድ አጠገብ ቆማ ከማርቲን በኋላ የመጣው ዴንማርካዊ ባልደረባዋ ሄንሪክ ያገኛታል። ድጋፍ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ቢያስፈልገኝ ይህን ምዕራፍ አሳየው ነበር። ሰውዬው እያለ ድጋፉ አይታይም፤ ሲሄድ ነው የሚታየው። ኦቲስቲክ ታናሽ ወንድም ስላለኝ፣ በሥራ ቦታ አንድ የሚያውቁት ሰው መዛወሩ ብቻ ወራት የሚወስድ መናጋት ሊያስከትል እንደሚችል በቤታችን አይተነዋል፤ በቴሌቪዥን ግን ይህን በዚህ ልክ የተረዳ ሌላ የወንጀል ድራማ አላጋጠመኝም።

በ2018 የወጣው አራተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ያሳዘነኝ ነው። ሳጋ ከእስር ቤት ወጥታ ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር ትጀምርና ፖሊስ የሆነችው በጄኒፈር ሞት ከተሰማት የጥፋተኝነት ስሜት የተነሳ መሆኑን ትደርስበታለች። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው፤ ኦቲስቲክ ሰውም ቁስል አለው፣ ቁስሉም ይታከማል። ችግሩ ድራማው መልሱን ካገኘ በኋላ ሌላውን ሁሉ ወደዚያው መልስ መሳቡ ነው። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ሳጋ እንዲህ የሆነችው እንዲህ ስለሆነች ነበር፤ አሁን ግን የልጅነት በደል የፈጠራት ትመስላለች። ኦቲዝም ከአስተዳደግ እንደማይመጣ ከታወቀ ዘመን አልፎታል፤ ለልጆች ኦቲዝም እናቶች የተወቀሱበት ጊዜም ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ መዝራት፣ ባይታሰብበትም፣ ቀላል ጥፋት አይደለም። በመጨረሻው ትዕይንት ሳጋ ድልድዩ ላይ መኪናዋን አቁማ የፖሊስ መታወቂያዋን ወደ ባሕር ትወረውራለች፤ ስልኳ ሲጠራም ለዓመታት «ሳጋ ኖሬን፣ የማልሞ ወንጀል ምርመራ» ስትል የነበረችው ሴት ስሟን ብቻ ትናገራለች። ትዕይንቱ ውብ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሥራዋን የምትወድ፣ በሥራዋ የተካነች፣ ከሥራዋ ሌላ የሚያሳርፋት ነገር ያልነበራት ሴት ነፃነቷን የምታገኘው ሥራውን በመጣል ነው መባሉን እስካሁን አልተቀበልኩትም።

ከ«ብሮን» የተቀዱት የሌሎች አገሮች ሥራዎች ረጅም ትችት አያስፈልጋቸውም። በ2013 የጀመረው የአሜሪካው ቅጂ ታሪኩን በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል ወዳለው የኤል ፓሶና ሲዩዳድ ኋሬዝ ድንበር ሲወስደው፣ ዳያን ክሩገር የምትጫወታትን ሶንያ ክሮስን ለመቅረጽ ራሱ ኦቲስቲክ የሆነውን አሌክስ ፕላንክን አማካሪ አድርጎ ነበር፤ ይህ በጊዜው ያልተለመደ ጥሩ እርምጃ ነው። ቢሆንም ሶንያ ከሳጋ ይልቅ የተጠናች ትመስላለች፤ አማካሪ የተዋናይዋን እጅና ዓይን ሊያርም ይችላል እንጂ በድርሰቱ ውስጥ ያልተጻፈ ኑሮ ሊጨምር አይችልም።

ወደ «አስትሪድ እና ራፋኤል» ስንመጣ ዓለሙ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በፍራንስ 2 የሚተላለፈው ይህ ድራማ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ማንነት ከመጀመሪያው በግልጽ ይናገራል። አስትሪድ ኒልሰን በፓሪስ የወንጀል መዛግብት ቤት የምትሠራ ኦቲስቲክ ሴት ናት፤ የሟች መርማሪ ልጅ ናት፤ እንቆቅልሽ መፍታት ትወዳለች። ራፋኤል ኮስት ደግሞ ነገሯ ሁሉ የተዝረከረከ፣ ደንብ የምትጥስ፣ ልቧ ሰፊ የሆነ መርማሪ ናት። አስትሪድን ሳራ ሞርተንሰን፣ ራፋኤልን ሎላ ደዌር ይጫወቷቸዋል። ሞርተንሰን ኦቲስቲክ አይደለችም፤ አጨዋወቷም ዝርዝር የበዛበት ነው። ቀጥ ያለው አቋሟ፣ አንገቷን ዘንበል ማድረጓ፣ በአየር ላይ የሚንቀሳቀሱት ጣቶቿ፣ ከመመለሷ በፊት የምትወስደው ፋታ፣ ሁሉም በሚገባ ተጠንቶ የተሠራ ነው። አንዳንዴ ጥናቱ ራሱ ይታያል። ያም ሆኖ በጊዜ ሂደት ድካምና ደስታ በእነዚያው እንቅስቃሴዎች ውስጥ ሲለያዩ ማየት ይቻላል፤ በድንጋጤ የሚንቀጠቀጡት ጣቶችና ከመልስ በፊት በጉጉት የሚላወሱት ጣቶች አንድ አይደሉም። ይህን መለየት የቻለች ተዋናይ ሥራዋን አውቃለች ማለት ነው።

የድራማው ደካማ ጎን አስትሪድ የማታውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። ስለ መርዝ፣ ስለ ጥንታዊ ጽሕፈት፣ ስለ ነፍሳት፣ ስለ ሰዓት ሥራ፣ ምን የማታውቀው አለ? ከሰው የላቀ የማስታወስ ወይም የማስላት ችሎታ ከኦቲስቲክ ሰዎች መካከል ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ በወንጀል ድራማ ውስጥ ግን የሌለውን መፈለግ ከባድ ነው። ከዚህ የሚመጣውን ጣጣ በቀጥታ የሚሸከሙት ተራ ኦቲስቲክ ሰዎች ናቸው፤ «አንተስ ምን ትችላለህ?» ተብለው የሚጠየቁት እነርሱ ናቸውና።

ጠንካራው ጎን ደግሞ አስትሪድ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። በየጊዜው የምትሄድበት የኦቲስቲክ ሰዎች ስብስብ አለ፤ እዚያ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ስለ ሥራ፣ ስለ ፍቅር፣ ኦቲስቲክ ያልሆነው ሰው ስለሚያደርጋቸው ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይመካከራሉ። በዚህ ክፍል ውስጥ ግራ የገባው አናሳው አይደለም፤ እንግዳ የሚሆነው ሌላው ዓለም ነው። አንድ ኦቲስቲክ ገጸ ባሕርይ ብቻ ያለበት ድራማ ሳይወድ ገጸ ባሕርይውን የሁሉ ተወካይ ያደርገዋል፤ አምስትና ስድስት ሲሆኑ ግን አንዱ ቁጡ፣ አንዷ ቀልደኛ፣ አንዱ ዝምተኛ ይሆናሉ፣ ማለትም ሰዎች ይሆናሉ። ከቴትሱዮ ታናካ ጋር የሚጀምረው ቀስ ያለ ፍቅርም እንዲሁ ጥሩ ተጽፏል፤ መንካት በስምምነት ይሆናል፣ ዝምታ እንደ ቅያሜ አይቆጠርም። ራፋኤልም ትማራለች፤ ድንገት ላለማቀፍ፣ ዕቅድ ሲቀየር አስቀድሞ ለመናገር፣ አሽሙርን ለመተው። የመለወጡ ሥራ ወደ ሁለቱም ወገን የሚሄድባቸው ድራማዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህ ከእነርሱ አንዱ ነው።

በጥር 2025 በቻናል 4 የተጀመረው «ፔሸንስ» የዚሁ ታሪክ የእንግሊዝ ቅጂ ነው። መቼቱ ዮርክ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ፔሸንስ ኤቫንስ በፖሊስ የወንጀል መዛግብት ክፍል ትሠራለች፤ ሎራ ፍሬዘር የምትጫወታት መርማሪ ቢ ሜትካፍ ራሳቸውን ያጠፉ በሚመስሉ ሰዎች ጉዳይ ላይ ስትሠራ ታገኛታለች። ዋናው ልዩነት ፔሸንስን የምትጫወተው ኤላ ሜይዚ ፐርቪስ ራሷ ኦቲስቲክ መሆኗ ነው። ልዩነቱ በተግባር የሚታየው የእንቅስቃሴው ብዛት በመቀነሱ ነው። ፐርቪስ ምልክት አትደረድርም፤ ይልቁንም ሰው ፊት ስትቆም ራሷን እንዴት እንደምትቆጣጠር፣ ያ ቁጥጥር የቱ ጋ እንደሚላላና ምን ያህል እንደሚያደክም ታሳያለች። ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ልዩነታቸውን ከሰው ዓይን ሸሽገው እንደሚኖሩና በዚህም ምክንያት የሕክምና ምርመራ ሳያገኙ እንደሚቆዩ የታወቀ ነው። መሸሸግን በካሜራ ፊት መጫወት ግን ምንም ያልሆነ መምሰል ስለሆነ፣ ጩኸትን ከመጫወት ይከብዳል። ወንድሜ ሰው የበዛበት ቀን ካሳለፈ በኋላ መብራት አጥፍቶ፣ ሳይናገርም ሳይተኛም፣ እንዲሁ ይቀመጣል። በፔሸንስ ፊት ላይ የማየው ድካም ይኸው ነው፤ ከወንጀሉ ሳይሆን ከሰላምታው፣ ከወሬው፣ ከአምፖሉ የመጣ ድካም።

ይህን ስል ኦቲስቲክ ተዋናይ መቅጠር ብቻውን ድራማውን እውነተኛ ያደርገዋል ማለቴ አይደለም። የ«ፔሸንስ» ድርሰት አንዳንድ ቦታ ላይ የመማሪያ ጽሑፍ ይመስላል፤ ገጸ ባሕርያት ስለ ኦቲዝም እርስ በርስ የሚገላለጹት እነርሱ ስላላወቁ ሳይሆን ተመልካቹ እንዲያውቅ ስለተፈለገ መሆኑ ያስታውቃል። የወንጀሎቹ አፈታትም ከፈረንሳዩ የወረሰው ልብ ወለድነት አለበት። ነገር ግን ንግግሩ ሲደርቅ እንኳ የፐርቪስ ፊት ያድነዋል።

ሦስቱንም ድራማዎች በእኩል የምወቅስበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የምርመራ ክፍሉ ነው። የወንጀል ድራማ ተመልካቹን ለዓመታት ያስተማረው አንድ ትምህርት ቢኖር የተጠርጣሪን ገጽታ ማንበብ ነው፤ ዓይኑን የሰበረ ይዋሻል፣ የተቁነጠነጠ ይደብቃል፣ በሟች ስም ፊቱ ያልተለወጠ ጨካኝ ነው። ዓይን መስበር የውሸት አስተማማኝ ምልክት አለመሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ለኦቲስቲክ ሰው ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቅ ወይም ሐሳብ የሚበትን ነገር ነው፤ ጥያቄን ቃል በቃል መረዳትና መልስ ከመስጠት በፊት ረጅም ፋታ መውሰድም የተለመደ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ የአሠራር ደንቦች ተጋላጭ የሆነ ተጠርጣሪ ሲጠየቅ ከፖሊስ ወገን ያልሆነ አጋዥ ሰው አብሮት እንዲገኝ የሚያዝዙት በእንዲህ ያለው አለመግባባት ሰው እንዳይጎዳ ነው። እንግዲህ ነገሩን አስቡት፤ ከጠረጴዛው በዚህ በኩል ኦቲስቲክ መርማሪ አስቀምጠን እያደነቅናት፣ ከጠረጴዛው በዚያ በኩል ያለውን ሰው ልክ እንደ እሷ ስላቀረቀረ ብቻ እንድንጠረጥረው ካሜራው ይጠጋበታል። ሳጋ፣ አስትሪድና ፔሸንስ ይህን ቀድመው ማየት የነበረባቸው ሰዎች ነበሩ። «ይህ ሰው ያላየኝ ስለሚዋሽ ላይሆን ይችላል፤ እኔም አላየሁትም» የምትል መርማሪ ለአንድ ሙሉ ክፍል የሚበቃ ታሪክ ትሰጥ ነበር፤ ደራሲዎቹ ግን ይህን የመሰለ ማዕድን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ አልፈውታል።

ሌላው ክፍተት የሰዎቹ ዓይነት ነው። ሦስቱም ነጭ ሴቶች ናቸው፤ ሦስቱም አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ሦስቱም በሥራቸው እጅግ የተካኑ ናቸው። የማይናገር፣ በሰሌዳ ወይም በመሣሪያ ሐሳቡን የሚገልጽ ኦቲስቲክ ሰው በወንጀል ድራማ ውስጥ ሲገባ ድርሻው በአብዛኛው ያየውን መናገር የማይችል ምስክር መሆን ነው፤ እንደ ተቆለፈ ሣጥን ይቆጠራል፣ መርማሪው ይከፍተዋል፣ ከውስጡ ማስረጃ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ይህን ልማድ የሚሰብር ሥራ እየጠበቅሁ ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ተመልካች ምን ይይ ቢባል፣ ጨለማና ደም የሚከብደው ሰው «አስትሪድ እና ራፋኤል»ን ይያዝ፤ ወንጀሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ወዳጅነቱ ያሞቃል፣ ከመሀል ቢጀምሩትም አያደናግርም። ጊዜ የሌለው ሰው «ፔሸንስ»ን ይይ። «ብሮን»ን ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በቅደም ተከተል ማየት ግድ ነው፤ አንጀት የሚጠይቁ ትዕይንቶች ስላሉት ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ የበቃው ሰውም አራተኛውን ቢተወው አልፈርድበትም። ሦስቱንም በሌላ ቋንቋ በተቀዳ ድምፅ ሳይሆን በራሳቸው ድምፅ፣ ከሥር በሚጻፍ ትርጉም ማየት ይመረጣል። የሄሊን ደረቅ ፈጣን አነጋገርና ሞርተንሰን ከመመለሷ በፊት የምትወስደው ፋታ የትወናቸው ግማሽ አካል ስለሆኑ፣ ድምፅ ሲቀየር አብረው ይጠፋሉ፤ በ«ብሮን» ላይ ደግሞ አንዱ በዴንማርክኛ ሌላዋ በስዊድንኛ እየተናገሩ የሚግባቡ ሰዎች በአንድ ቋንቋ ሲጨፈለቁ በድልድዩ ላይ ያለው ወሰን ጭራሽ ይሰወራል።